«እኛ» ስለ ተባለው የሳይንስ ልብ ወለድ የአንባቢዎች ልዩ ልዩ አስተያየት (ከ1920 እስከ 1988)

፩. መግቢያ

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል በአንድ መኝታ ክፍል የምንኖር ሦስት ተማሪዎች አንድ ያረጀ መጽሐፍ ተራ በተራ አነበብን። መጽሐፉ የሩሲያዊው ደራሲ የዬቭጌኒ ዛምያቲን ድርሰት ሆኖ «እኛ» የተባለው የሳይንስ ልብ ወለድ ነው፤ እጃችን የገባውም የእንግሊዝኛው ትርጕም ነበር። አንደኛው ጓደኛችን ሠላሳኛው ገጽ ላይ ሲደርስ «ይህ ሰውዬ ዐረፍተ ነገር መጨረስ አያውቅም» ብሎ መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ ጣለው። ሁለተኛው በሁለት ሌሊት ጨረሰውና ከዚህ የሚበልጥ መጽሐፍ አላነበብሁም አለ። እኔ ደግሞ ግማሹን ወደድሁት፤ ግማሹ ግን አደከመኝ። በዚህ ምክንያት ብዙ ቀን ተከራከርን። ክርክሩ እየጋለ ሲሄድ አንድ ነገር ታዘብሁ፤ ይኸውም ከሦስታችን ይልቅ አብዝቶና ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚናገረው ሠላሳ ገጽ ብቻ ያነበበው ጓደኛችን መሆኑን ነው።

ከዚያ ወዲህ ይህን መጽሐፍ ከእኛ በፊት ያነበቡት ሰዎች ምን ብለው እንደ ነበር ለማወቅ ፈለግሁ። ፍለጋው ከጠበቅሁት በላይ ሰፊ ሆነ። መጽሐፉ በ1920 እና በ1921 ተጽፎ በገዛ አገሩ፣ በገዛ ቋንቋው ለመታተም እስከ 1988 ድረስ ጠብቋል። በዚህ ሁሉ ዘመን ውስጥ አንዱ ትንቢት ነው ሲል፣ ሁለተኛው ስድብ ነው ሲል፣ ሦስተኛው ደግሞ ፍሬ የሌለው ሥራ ነው ሲል ኖሯል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የነዚህን አንባቢዎች አስተያየት በየጊዜው ቅደም ተከተል መመርመርና አሳባቸው የተለያየበትን ምክንያት መፈለግ ነው። ለማሳየት የምሞክረውም ይህ ነው፤ የአንባቢዎች አሳብ መለያየቱ መጽሐፉን አልጐዳውም፤ እንዲያውም ጠቅሞታል። ጉዳት የመጣው መጽሐፉን አንብቦ መረዳት ሳያስፈልግ መፍረድ በተቻለ ጊዜ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

፪. ደራሲውና ድርሰቱ

ዬቭጌኒ ዛምያቲን በ1884 ከሞስኮ በስተ ደቡብ በምትገኘው ሌቤድያን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ የኦርቶዶክስ ቄስና አስተማሪ ነበር፤ እናቱም ፒያኖ ትጫወት ነበር። በ1902 ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ሄዶ በፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት የመርከብ ምሕንድስና ተማረ። በ1905 ዓመፅ ጊዜ ከቦልሼቪኮች ጋር በመሰለፉ ታስሮ ለብቻው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከርሟል፤ ኋላም ከዋና ከተማው እንዲርቅ ተደርጓል። በ1916 ወደ እንግሊዝ አገር ተልኮ በኒውካስል ከተማ ለሩሲያ የሚሠሩትን በረዶ ሰባሪ መርከቦች ሥራ ሲቈጣጠር ቈየና፣ የ1917 የጥቅምቱ አብዮት ከመነሣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ይህን ሁሉ መጥቀሴ ያለ ምክንያት አይደለም። ኋላ የአብዮት ጠላት ተብሎ የተከሰሰው ሰው ለአብዮት ሲል እስር ቤት የገባ ሰው እንደ ነበረ፣ ኋላ የማሽንን ዓለም ነቀፈ የተባለውም ሰው ማሽን አሳምሮ የሚያውቅ መሐንዲስ እንደ ነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል። ዛምያቲን ስለ እንግሊዛዊው ደራሲ ስለ ኤች. ጂ. ዌልስ በ1922 አንድ ጥናት አሳትሟል፤ የዌልስንም ልብ ወለዶች የከተማ ተረቶች አድርጎ ይመለከታቸው ነበር። ስለዚህ የሳይንስ ልብ ወለድን መንገድ የመረጠው ዐውቆና አስቦበት ነው።

የ«እኛ» ታሪክ የሚፈጸመው እጅግ ሩቅ በሆነ ወደ ፊት ዘመን ነው። ዓለምን የሚገዛው «አንዱ መንግሥት» ይባላል። ሰዎች ስም የላቸውም፤ የሚጠሩት በፊደልና በቍጥር ነው። የሚኖሩት ግድግዳው በሙሉ መስተዋት በሆነ ቤት ውስጥ ስለ ሆነ አንዱ የሌላውን ኑሮ ያያል፤ መጋረጃ መዝጋት የሚፈቀደው ለተወሰነ ሰዓት፣ ያውም በኩፖን ነው። የሚነሡበት፣ የሚበሉበትና የሚሠሩበት ሰዓት በአንድ ሰንጠረዥ ተወስኗል። ገዥያቸው «በጎ አድራጊው» ይባላል፤ በየዓመቱም «የአንድ ልብ ቀን» በተባለው በዓል ሁሉም እጁን አውጥቶ እንደ ገና ይመርጠዋል። ከተማዋን ከዱሩና ከአራዊቱ የሚለያት «አረንጓዴው ግንብ» ነው። እነዚህ ሰዎች ከጥንት ሰዎች ሁሉ አብልጠው የሚያከብሩት የሠራተኛን እንቅስቃሴ በሰዓት መለካት ያስተማረውን አሜሪካዊውን መሐንዲስ ፍሬድሪክ ቴይለርን ነው።

ተራኪው ዲ-503 የሒሳብ ሊቅና «ኢንቴግራል» የተባለው የጠፈር መርከብ ሠሪ ነው። በሌሎች ዓለማት ለሚኖሩ ፍጥረታት የአንዱን መንግሥት ደስታ ለማስረዳት ሲል ማስታወሻ መጻፍ ይጀምራል። ነገር ግን አይ-330 የተባለች ሴት ካገኘ በኋላ ነፍስ የሚባል «በሽታ» ያድርበታል፤ በመንግሥቱም ላይ ወደ ተነሡት ዓመፀኞች ይሳባል። በመጨረሻው መንግሥቱ የሰውን ምናብ ከአንጎል የሚያወጣ ቀዶ ሕክምና ያዝዛል። ዲ-503ም ይህ ከተፈጸመበት በኋላ የሚወዳት ሴት በፊቱ ስትሠቃይ ምንም ሳይሰማው ይመለከታል። ይሁን እንጂ ከእርሱ የፀነሰችው ኦ-90 ከግንቡ ውጭ አምልጣ ወጥታለች።

አንባቢን ያስቸገረው ታሪኩ ብቻ አልነበረም፤ አጻጻፉም ጭምር ነው። መጽሐፉ በምዕራፍ ፈንታ በአርባ ማስታወሻዎች የተከፈለ ነው። ዐረፍተ ነገሮቹ እየተቈራረጡ አንባቢው ራሱ እንዲጨርሳቸው ይተዋሉ። ተራኪው የሰውን ፊት በክብና በማዕዘን ይገልጻል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያስፈራው ነገርም የአሉታዊ አንድ ካሬ ሥር ነው። በዚያ ዘመን የለመደውን ዐይነት ልብ ወለድ የሚፈልግ አንባቢ እዚህ ውስጥ የሚይዘው ነገር ይቸግረው ነበር። ጓደኛዬን ያስቈጣውም ይኸው ነው።

፫. በእጅ ጽሑፍ ያነበቡት ሰዎች

የመጀመሪያዎቹ የ«እኛ» አንባቢዎች በብዛት አድማጮች ነበሩ ማለት ይቻላል። መጽሐፉ ባይታተምም በፔትሮግራድ የጽሕፈት ሰዎች ስብሰባ ላይ ጮክ ተብሎ ተነቧል፤ የእጅ ጽሑፉም ከሰው ወደ ሰው ይዞር ነበር። በ1922 ግላቭሊት የተባለው የሳንሱር መሥሪያ ቤት ከተቋቋመ በኋላ የመታተሙ ተስፋ እየጠበበ ሄደ። የሆነ ሆኖ በነዚህ ዓመታት ስለ መጽሐፉ የተጻፈው ሂስ ቁም ነገር ያለበት ነበር፤ ምክንያቱም ጸሐፊዎቹ ድርሰቱን ያውቁት ነበርና ነው።

ከነዚህ አንዱ አሌክሳንደር ቮሮንስኪ ነው። ቮሮንስኪ የቦልሼቪክ ፓርቲ ሰውና «ክራስናያ ኖቭ» የተባለው መጽሔት አዘጋጅ ነበር። በ1922 ስለ ዛምያቲን በጻፈው ሐተታ ውስጥ የደራሲውን የጥበብ ችሎታ ሳይክድ የመጽሐፉን አሳብ አጥብቆ ተቃወመ። በእርሱ አስተያየት መጽሐፉ ከሶሻሊዝም ፍርሃት የተወለደ ነው፤ ዛምያቲን የሣለውም ኅብረተሰብ ኮሙኒዝም ሳይሆን በቢስማርክ ዐይነት ከላይ የሚታዘዝ የመንግሥት ሶሻሊዝም ነው። ስለዚህ ቀስቱ ዒላማውን ስቷል ይላል። ይህ አስተያየት ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ ዛሬም ሊያከራክር ይችላል። ነገር ግን ቮሮንስኪ መጽሐፉ ውስጥ ካለው ነገር ተነሥቶ ስለ ተከራከረ መልስ ሊሰጠው የሚቻል ተቃዋሚ ነው።

ሁለተኛው ዩሪ ቲንያኖቭ ነው። እርሱ የሥነ ጽሑፍ ቅርጽን ከሚመረምሩት ሊቃውንት ወገን ስለ ነበረ በ1924 ባወጣው ሐተታ ጥያቄውን ከሌላ በኩል አነሣ። መጽሐፉ ማንን ይነካል ከማለት ይልቅ የደራሲው አጻጻፍ ወዴት ወሰደው ብሎ ጠየቀ። የዛምያቲን በረዶ የመሰለና የተለካ አጻጻፍ ራሱ ወደ ምናባዊው ዓለም እንደ መራው አስረዳ፤ ድርሰቱንም የተሳካ ሥራ ነው አለው።

በኛ አገር የቅኔ ባህል ሰምና ወርቅ የምንለውን እዚህ ላይ ማስታወስ ይጠቅማል። ቮሮንስኪ የፈለገው የመጽሐፉን ወርቅ ነው፤ ቲንያኖቭ የመረመረው ሰሙን ነው። ሁለቱ በአንድ መጽሐፍ ላይ ተቃራኒ ፍርድ ቢሰጡም አንዱ ሌላውን ሐሰተኛ አያደርገውም። በቅኔ ቤት ግን አንድ ሕግ አለ፤ ሰሙን ያልሰማ ሰው ወርቁን አገኘሁ ሊል አይችልም። ቀጥሎ የመጣው ዘመን የጣሰው ይህንን ሕግ ነው።

፬. መነበቡ የቀረበት፣ ፍርዱ የቀጠለበት ዘመን

«እኛ» መጀመሪያ የታተመው በባዕድ ቋንቋ ነው። በ1924 ግሪጎሪ ዚልቦርግ የተባለ፣ ከሩሲያ ተሰዶ አሜሪካ የገባ ሐኪም ወደ እንግሊዝኛ ተርጕሞት በኒውዮርክ ወጣ። በ1927 በቼክ ቋንቋ ታተመ። በዚያው ዓመት በፕራግ የሚታተመው «ቮልያ ሮሲይ» የተባለ የስደተኞች መጽሔት ከመጽሐፉ የተወሰኑ ክፍሎችን በሩሲያኛ አወጣ። አዘጋጁ ማርክ ስሎኒም ደራሲው እንዳይጠየቅ በማሰብ ጽሑፉ ከቼክ ቋንቋ ተመልሶ የተተረጐመ እንዲመስል ቃላቱን እዚህም እዚያም ለዋወጠ። ዘዴው ግን ደራሲውን አላዳነውም።

በመጀመሪያ ሁለት ዓመት ያህል ነገሩ በዝምታ ታለፈ። በ1929 በጋ ግን በጋዜጦችና በደራስያን ስብሰባዎች ላይ ታላቅ ዘመቻ ተነሣ። የዘመቻው ዒላማዎች ሁለት ነበሩ፤ አንዱ በበርሊን «ማሆጋኒ» የተባለ ታሪኩን ያሳተመው ቦሪስ ፒልንያክ ሲሆን ሁለተኛው ዛምያቲን ነው። በጊዜው እጅግ በርትቶ የነበረው ራፕ የተባለው የፕሮሌታሪያን ደራስያን ማኅበር፣ በመሪው በሊዮፖልድ አቨርባክ እየተመራ ክሱን አጋጋለው።

እዚህ ላይ አንድ ቀላል ጥያቄ መጠየቅ ተገቢ ነው። በየስብሰባው እጁን እያወጣ መጽሐፉን የኰነነው ሰው ድርሰቱን ከየት አግኝቶ ሊያነበው ይችል ነበር? በሶቪየት ኅብረት አልታተመም። የፕራጉ መጽሔት በነጻ የሚሸጥ አልነበረም፤ ቢገኝም የያዘው ቍንጽል ነው። እንግዲህ ከጥቂቶቹ የፔትሮግራድ የድሮ አድማጮች በቀር አብዛኛው ፈራጅ የፈረደው በወሬ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ክሱም ቢሆን መጽሐፉ ውስጥ ስላለው ነገር መሆኑ ቀርቶ የት አገር ታተመ ወደሚለው ዞሯል።

ዛምያቲን በዚህ ጊዜ ለበጋ ጕዞ ከከተማው ወጥቶ ነበር። ሲመለስ ፍርዱ አልቆ ጠበቀው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ወር «ሊቴራቱርናያ ጋዜታ» ላይ በወጣው ደብዳቤው የነገሩን ዓመታት አንድ በአንድ ቈጥሮ አቀረበ፤ መጽሐፉ በ1920 እንደ ተጻፈ፣ ወደ በርሊኑ አሳታሚም የሄደው በስውር ሳይሆን በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ እንደ ነበረ ገለጸ። ከተፈረደ በኋላ ምርመራ መጠየቁ ትርጕም እንደሌለው አስረድቶ ከደራስያኑ ማኅበር መውጣቱን አስታወቀ።

ከዚያ በኋላ ኑሮው ጠበበ። ራሱ እንደ ጻፈው መጻሕፍቱ ከቤተ መጻሕፍት እንዳይሰጡ ተከለከሉ፤ የቲያትር ድርሰቱ ከመድረክ ወረደ፤ አሳታሚዎችም በሩን ዘጉበት። በጁን 1931 በቀጥታ ለስታሊን ደብዳቤ ጻፈ። በደብዳቤው ውስጥ ለአንድ ደራሲ እንዳይጽፍ መከልከል የሞት ፍርድ መሆኑን ገልጾ፣ ይህ ፍርድ ለጊዜው ከአገር በመውጣት እንዲለወጥለት ጠየቀ። በጊዜው ከነበረው የፍርሃት መጠን አንጻር ሲታይ እንዲህ ያለ ደብዳቤ መጻፉ ያስደንቃል፤ ፈቃዱን ማግኘቱ ደግሞ ይበልጥ ያስደንቃል። በ1931 መጨረሻ ገደማ ከባለቤቱ ጋር ከአገር ወጣ። በፓሪስ ተቀመጠ፤ የሶቪየት ፓስፖርቱንም እስከ ሞቱ ድረስ አልመለሰም። በማርች 1937 እዚያው ፓሪስ ዐረፈ።

ፈራጆቹስ ምን ሆኑ? ራፕ በ1932 በፓርቲው ትእዛዝ ፈረሰ። አቨርባክ በ1937 ተረሸነ። ፒልንያክም በ1938 ተረሸነ። መጽሐፉን አንብቦ በአሳብ የተቃወመው ቮሮንስኪ እንኳ ከዚህ አልተረፈም፤ እርሱም በ1937 ተገደለ። ይህን የምጽፈው ፈራጆቹ የእጃቸውን አገኙ ለማለት አይደለም፤ እንዲህ ማለት ጭካኔ ይሆናል። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳይጠየቅ መፍረድ አንድ ጊዜ ልማድ ከሆነ በኋላ ማንን እንደሚያስቀር ማንም አያውቅም።

፭. የጎርኪ ነገር

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ የማክሲም ጎርኪ አቋም ነው። ጎርኪ የዛምያቲን የቅርብ ወዳጅ ነበር፤ በአብዮቱ ማግስት በዓለም ሥነ ጽሑፍ ማሳተሚያ ድርጅት አብረው ሠርተዋል። «እኛ»ን ግን አልወደደውም። በ1929 የሕይወት ታሪኩን ይጽፍ ለነበረ ሰው በላከው ደብዳቤ ውስጥ ድርሰቱ እጅግ መጥፎና ፍሬ የማያፈራ መሆኑን፣ በውስጡ ያለው ቍጣም ቀዝቃዛና ደረቅ መሆኑን ጽፏል። ከአንድ ታላቅ ደራሲ ስለ አንድ ወዳጁ ሥራ ከዚህ የከፋ ቃል አይጠበቅም።

ነገር ግን ዓመቱን ልብ ማለት ያሻል። 1929 ዛምያቲን በአደባባይ የሚወገርበት ዓመት ነው። ጎርኪ ይህን አስተያየት የጻፈው በግል ደብዳቤ ነው። ሁለት ዓመት ቈይቶም የዛምያቲን ማመልከቻ ለስታሊን ሲቀርብ ስለ እርሱ የተናገረለትና ፈቃድ እንዲያገኝ የረዳው ይኸው ጎርኪ ነው። መጽሐፉን ጠልቶ ደራሲውን አዳነ።

ጎርኪ በነዚያ ዓመታት ስላደረገው ሌላ ነገር ብዙ ወቀሳ እንደሚነሣ ዐውቃለሁ፤ እርሱን ማወደስም የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። ሆኖም በዚህ አንድ ጉዳይ ያሳየው ምሳሌ ግልጽ ነው። አንድን መጽሐፍ መጥላትና የመጽሐፉን ጸሐፊ አፍ መዝጋት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው የአንባቢ መብት ነው፤ ሁለተኛው ግን ከንባብ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። በስብሰባ እጁን ያወጣው ሰው ምናልባት ለመጽሐፉ ከጎርኪ ያነሰ ጥላቻ ሊኖረው ይችላል፤ ያደረሰው ጉዳት ግን በለጠ።

፮. በውጭ አገር ያነበቡት

መጽሐፉ በገዛ አገሩ ዝም ሲል በሌላው ዓለም ቀስ እያለ አንባቢ አገኘ። ጆርጅ ኦርዌል ስለዚህ መጽሐፍ መጀመሪያ የተረዳው በ1944 ግሌብ ስትሩቭ ስለ ሶቪየት ሥነ ጽሑፍ ከጻፈው መጽሐፍ ነው። ሲፈልግ ቈይቶ በ1929 በፓሪስ የታተመውን የፈረንሳይኛ ትርጕም አገኘ፤ በጃንዋሪ 4 ቀን 1946 ትሪቢዩን በተባለው ጋዜጣ ላይም አስተያየቱን አወጣ።

የኦርዌል አስተያየት ራሱ ድብልቅ ነው። መጽሐፉን ያልተለመደ ነው ይለዋል እንጂ ከመጀመሪያው ደረጃ አያስቀምጠውም። የታሪኩን አወቃቀር ደካማና የተበጣጠሰ ሆኖ አግኝቶታል። ይህን ሳነብ ያ ሠላሳ ገጽ ያነበበው ጓደኛዬ ከታላቅ ሰው ጋር መስማማቱ ታወቀኝ። ነገር ግን ኦርዌል በዚህ አላቆመም። የሰው ልጅ ወደ ጭካኔና ወደ መሥዋዕትነት የሚሳብበትን፣ መሪንም እንደ አምላክ የሚያይበትን ከአእምሮ ውጭ የሆነ ኃይል ዛምያቲን ከአልደስ ሐክስሊ ይልቅ በደንብ እንደ ተረዳው ጻፈ። ስለ ዒላማውም የራሱ ፍርድ ነበረው። መጽሐፉ በሌኒን ሞት ጊዜ ገደማ የተጻፈ መስሎት ስለ ነበር፣ ደራሲው የስታሊንን አገዛዝ በአሳቡ ሊይዝ አይችልም፤ የነቀፈው አንድን አገር ሳይሆን የማሽንን ሥልጣኔ በጠቅላላው ነው አለ። ዓመቱን በጥቂት ቢስትም አሳቡ በቀላል የሚጣል አይደለም። የቴይለር ስም በመጽሐፉ ውስጥ ደጋግሞ መነሣቱ፣ ደራሲውም የእንግሊዝን ፋብሪካዎች በዐይኑ ያየ ሰው መሆኑ ይደግፈዋል። በሌላ በኩል ደግሞ የሠራተኛን እንቅስቃሴ በሰዓት የሚለካው የአሌክሲ ጋስቴቭ የሥራ ኢንስቲትዩት በሞስኮ የተቋቋመው መጽሐፉ በተጻፈበት በ1920 ነው። ስለዚህ ማሽኑና አገሩ በዚያ ዘመን የሚለያዩ ነገሮች አልነበሩም።

ኦርዌል «1984» የተባለውን መጽሐፉን በ1949 ካወጣ በኋላ ክርክሩ ሌላ መልክ ያዘ። አይዛክ ዶይቸር በ1955 በወጣው መጽሐፉ ኦርዌል የታሪኩን አሳብና ዋና ዋና ሰዎቹን ከዛምያቲን ወስዷል ብሎ ከሰሰ። ኦርዌል በበኩሉ ሐክስሊ በ1932 ያወጣው መጽሐፍ ከ«እኛ» የተወለደ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ነበር፤ ሐክስሊ ግን መጽሐፉን አላውቀውም ነበር ሲል ክዷል። በዚህ ክርክር ውስጥ «እኛ» እንደ አባት ብቻ ይጠራል፤ ስለ ልጆቹ ሲባል እንጂ ስለ ራሱ ሲባል የሚያነበው ጥቂት ነው። ይህም ሌላ ዐይነት አለማንበብ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ለመጽሐፉ ከሁሉ የላቀውን ምስጋና ከሰጡት አንዷ አሜሪካዊቷ ደራሲ ኡርሱላ ለ ጊን ናት። በ1970ዎቹ በጻፈችው ሐተታ እስከዚያ ጊዜ ከተጻፉት የሳይንስ ልብ ወለዶች ሁሉ «እኛ» እንደሚበልጥ ተናግራለች። በዚያው ሐተታዋ ግን ወገኖቿንም አልማረችም፤ ሳንሱር በሌለበት አገር ደራሲዎች ገበያን በመፍራት ራሳቸውን ሳንሱር እንደሚያደርጉ አመልክታለች። ይህ አስተያየት መጽሐፉን ሌላውን ለመውቀሻ ብቻ ለሚጠቀሙበት ሁሉ መልካም ማስጠንቀቂያ ነው።

ሙሉው የሩሲያኛ ጽሑፍ መጀመሪያ የታተመው በ1952 በኒውዮርክ ነው። በሶቪየት ኅብረት የታተመው ደግሞ በ1988 «ዝናምያ» በተባለው መጽሔት ላይ ነው፤ ይህም ደራሲው ከሞተ ሃምሳ አንድ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የ1921 አድማጭ እንደ ቅዠት የሰማውን የ1988 አንባቢ እንደ ትዝታ አነበበው ማለት ይቻላል፤ ጠባቂዎቹን፣ የአንድ ልብ ቀኑን፣ ድምፁ ሁሉ አንድ የሆነውን ምርጫ አባቶቹ ኖረውበታልና። ድርሰቱ አንዲት ቃል ሳይለወጥ አንባቢው ተለወጠ።

፯. መደምደሚያ

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንረዳለን? ስለ «እኛ» የተሰጡት አስተያየቶች በሦስት ሊከፈሉ ይችላሉ። የመጀመሪያዎቹ ስለ አሠራሩ የተሰጡ ናቸው፤ የቲንያኖቭ ምስጋናና የኦርዌል ቅሬታ ከዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሁለተኛዎቹ ስለ ዒላማው የተሰጡ ናቸው፤ ቮሮንስኪ ስለ ሶሻሊዝም፣ ኦርዌል ስለ ማሽን የተናገሩት ከዚህ ይቈጠራል። እነዚህ ሁለቱ ዐይነቶች እርስ በርሳቸው ቢጋጩም መጽሐፉን ሕያው አድርገውታል፤ እያንዳንዱ አንባቢ ለሚቀጥለው አንባቢ የሚጠይቀው ጥያቄ ትቶለታል። ሦስተኛዎቹ በ1929 በየስብሰባው የተሰጡት ፍርዶች ናቸው። ከነዚህ ለዛሬ አንባቢ የሚጠቅም አንድም አሳብ አላገኘሁም፤ የተረፈው የጉዳታቸው ታሪክ ብቻ ነው።

የራሴን አስተያየት ብጠየቅ ዛሬም ግማሽና ግማሽ ነው። አይ-330 ከሰው ይልቅ አሳብ ሆና ትታየኛለች፤ የዓመፁም ታሪክ በጥድፊያ ያልፋል። ነገር ግን ዲ-503 ነፍስ አበቀልህ በተባለ ጊዜ እንደ በሽተኛ የደነገጠበትን ክፍል ማንም ደራሲ ከዚህ አሻሽሎ ሊጽፈው ይችላል ብዬ አላምንም። ስለ መጨረሻው ደግሞ አሳቤን ገና አልጨረስሁም።

በዚህ መጽሔትም ሆነ በክርክር ክበባችን የመጻሕፍት ሂስ እንጽፋለን፣ እንናገራለን። ከዚህ ታሪክ የተነሣ አንድ ትንሽ አሳብ ላቅርብ። ሂስ የሚጽፍ ተማሪ ሁሉ መጽሐፉን እስከ የትኛው ገጽ እንዳነበበና በየትኛው ቋንቋ እንዳነበበ በመጀመሪያው መሥመር ይግለጽ። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ በ1929 ግን እንዲህ ያለ አንድ መሥመር ቢጠየቅ ኖሮ ብዙ እጅ ሳይወጣ በቀረ ነበር።

ያ ጓደኛችን ጽሑፌን በረቂቁ አይቶ ጥቂት አኰረፈ፤ ከዚያም መጽሐፉን ተበድሮ ሄደ። በሳምንቱ ጨርሶ መለሰልኝ። ዛሬም አይወደውም። ነገር ግን አሁን ለምን እንደማይወደው አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያስረዳኝ ብዙውን ልመልስለት አልቻልሁም፤ ከላይ ስለ አይ-330 የጻፍሁትም አሳብ የተገኘው ከእርሱ ነው።